የጨረቃ እንግዳ

አንድ ጊዜ፣ አንዲት አህያ ጀርባዋ ተገጥቦ ለዐሥር ቀን ከጭነት አረፈች። ጌታዋ ጨው ነጋዴ ነው። ቁስሏን ቅቤ ቀባላትና «በይ፣ እስኪሽርልሽ ድረስ ጋጪ» ብሎ መስክ ለቀቃት።

ዕድሜውን ሙሉ ሲሸከም የኖረ ፍጡር መጀመሪያ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ይበላል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሁለት ቀን በላች። በሦስተኛው ቀን ግን ቀና አለች። አንገት የተሠራው ለሣር ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ቀና ብትል፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ በጠራራው ከሰዓት በኋላ፣ ቁራሽ ጨረቃ ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ ነጣ ብላ ሰማይ ላይ ትታያለች።

«እዚያ ምን ይኖር ይሆን?» አለች አህያዋ።

ጥያቄው እዚያው ሆዷ ውስጥ ቢቀር ምንም አልነበረም። ግን አልቀረም። ከአጠገቧ ተጋድሞ የሚያመሰኳውን በሬ ጠየቀችው።

«ወንድሜ በሬ፣ ጨረቃ ላይ ሣር ይኖር ይመስልሃል?»

«ሣር ካለ እርሻ አለ። እርሻ ካለ ደግሞ እኔን ይጠሩኝ ነበር» አለ በሬ። «እስከ ዛሬ የጠራኝ የለም። እንግዲያስ ሣርም የለም።»

«ሄደህ ብታያት ግን ምን የምትመስል ይመስልሃል?»

«እቴ፣ የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ብሎ በሬ ወደ ማመስኳቱ ተመለሰ።

አህያዋን ግን ናፈቃት። ፍየልን ጠየቀች። «ገደል ካላት እሄዳለሁ፤ ከሌላት ምን ትረባኛለች?» አለች ፍየል። ጦጣን ጠየቀች። ጦጣ ዛፍ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀችባትና ለልጆቿ ነገረች፤ ልጆቿም ሳቁ። አህያዋ አላፈረችም። ብቻዋን ስትሆን ጥያቄዎቿን እንደ ሣር ታኝካቸው ነበር። መሬቷ ድንጋይ ነው አሸዋ? ዳገቷ ለሰኮና ይመቻል? ውሃ የት ይጠጣል? ጭነት አለ? ካለስ ማን ይጭናል፣ ማን ይጫናል? ከሁሉ ይልቅ ግን አላስቀምጥ ያላት ይኸኛው ነበር፦ «እኔ አሁን ቀና ብዬ እሷን እንደማያት፣ እዚያም አንዲት አህያ ቆማ ወደዚህ እያየች ‹እዚያ ምን ይኖር ይሆን?› ትል ይሆን?» ይህን ባሰበች ቁጥር ሁለት ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

ጨረቃም በየቀኑ እየወፈረች ሄደች። ወሬ ደግሞ እግር ባይኖረውም ይሮጣል። የአህያዋ ነገር መስኩን አቋርጦ፣ ቁጥቋጦውን አልፎ፣ ቀበሮ ዘንድ ደረሰ።

በመጨረሻው በዐሥረኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ቀበሮ ጭራዋን እያወዛወዘች ከመስኩ ዳር ብቅ አለች።

«እህቴ፣ ደህና ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እመት ቀበሮ። ምን እግር ጣለዎት?»

«ስለ ጨረቃ በሬ ትጠይቂያለሽ፣ ፍየል ትጠይቂያለሽ አሉ። ምነው ታዲያ የሄደችውን ትተሽ ያልሄዱትን?»

«የሄደችው ማን ናት?»

«እኔ ነኛ! ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያውን እንኳ ተይው፣ ልጅ ነበርኩ።»

የአህያዋ ጆሮዎች ቆሙ። የመንገድ ነገር ከተነሣ አህያን የሚያህል ጠያቂ የለም። «ስንት ቀን ያስኬዳል?» አለች።

«ምን ቀን አለው! ግማሽ ቀን ነው።»

«ውሃስ? መንገዱ ላይ ውሃ አለው?»

«ሞልቶ!»

«ቁልቁለቱስ? አቀበት ትንፋሽ ይጨርሳል፣ ጉልበት የሚሰብረው ግን ቁልቁለት ነው። ሲመለሱ እንዴት ወረዱ?»

ቀበሮ ስለ መውረዱ አላሰበችበትም ነበር። ውሸታም ሁልጊዜ አካሄዱን አሳምሮ አመላለሱን ይረሳል። «ተንሸራትቼ» አለች በመጨረሻ።

አህያዋ የቀበሮን እግር አየች። መንገድ የበላው እግር ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ሰኮና ከሆነ ይሰነጠቃል፣ መዳፍ ከሆነ ይሻክራል። የቀበሮ መዳፍ ግን ለስላሳ ነው። በጥፍሮቹ መካከል አንዲት የዶሮ ላባ ተሰክታለች እንጂ የሩቅ አገር አቧራ የለበትም። ደግሞም አህያዋ የጨው መንገድ ልጅ ናት። ሰባት ቀን ስትጓዝ ጨረቃም ሰባት ቀን አብራት ተጉዛ፣ አንድ ክንድ እንኳ እንዳልቀረበቻት ታስታውሳለች።

«እኔ ሳያት ግን ቀርባ አታውቅም» አለች።

«አልቀረበችም? ባለፈው ሳምንት ቁራሽ ነበረች፣ ዛሬ ምን እንደምታህል ተመልከቺ! የምትተልቀው እየቀረበች ስለሆነ አይደል? እንዲያውም ከዚያ አምባ ጫፍ ላይ ሆነሽ እግርሽን ብታነሺ ትደርሺባታለሽ። ካላመንሽኝ መጥተሽ እይ። አይቶ የሞተ ማን አለ!»

አህያዋ ጀርባዋን አሰበች፤ ቁስሉ ሽሯል። ነገ ጨው ይጫንባታል፣ ነገ አንገቷ ያጎነብሳል። የቀራት ይኸው የዛሬው ከሰዓት ብቻ ነው። ልቧ «ቀበሮ ዋሽታለች» አላት፤ እግሯ ግን ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። አትፍረዱባት። የማወቅ ጉጉት የያዘው ሰው ውሸት መሆኑን እያወቀ እንኳ «እስቲ ውሸቱ ምን ይመስላል?» ብሎ ይሄዳል።

አምባው ዙሪያውን ገደል ነው። መግቢያውም መውጫውም አንድ ነው፤ በሁለት ቋጥኞች መካከል ያለች፣ አንድ እንስሳ ብቻ የምታሳልፍ ጠባብ በር። አህያዋ በዚያች በር ገብታ፣ ሜዳውን አቋርጣ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመችና ቀና አለች። ጨረቃ ከማዶው ተራራ በላይ ወጥታለች። መስክ ላይ ሆና ስታያት የነበረውን ያህል ሩቅ ናት።

«አልቀረበችም» አለች አህያዋ፣ ቅር ብሏት።

«እሷስ አልቀረበችም፤ አንቺ ግን ቀርበሻል» አለ ከኋላዋ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ዞር ብትል፣ አያ ጅቦ በሩ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ሰፊ ደረቱ በሩን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ለሃጩ እየተንጠባጠበ ነው። አህያዋ ያን ጊዜ ነው መሬቱን ልብ ብላ ያየችው። ከእሷ በፊት ጨረቃን ለማየት የመጡ እንስሳት አጥንት እዚህም እዚያም ተበትኗል።

«ይኸው እንዳልኩህ፣ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ። «ሥጋው ለአንተ፣ ጉበቱ ለእኔና ለልጆቼ። ልጆቼን ጠርቼ እስክመጣ ንክች እንዳታደርጋት! ከነካካሃት ሁለተኛ አንዲት ጥንቸል እንኳ አልጠቁምህም።» ይህን ብላ በሆዱ ሥር ሾልካ ቁልቁል ወረደች።

አህያዋ ፈራች። ልዝለል ብትል ገደል ነው፣ ልጩህ ብትል የሚሰማ የለም፣ ልራገጥ ብትል የጅብ መንጋጋ እግር ይሰብራል። የቀራት ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ሰሞኑን ሁሉ ስታደርገው የሰነበተችው። ደግሞም ጅቡ በመካከሉ ቀና ብሎ ሰማዩን ሰረቅ አድርጎ ሲያይ አይታዋለች።

«አያ ጅቦ» አለች፣ «እንደሚበሉኝ አውቃለሁ። ሳልበላ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ጨረቃ ላይ ቢሄዱ ምን ያደርጉ ነበር?»

የጅብ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ከተወለደ ጀምሮ «ሂድ!»፣ «ውጣ!»፣ «ያዘው!» ሲሉት ነው የኖረው። የጠየቀው ሰው የለም።

«እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ።»

እርስዎ የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ እንደ ቅልጥም ጣፈጠው። «ለማንም እንዳትነግሪ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለማን እነግራለሁ? ልበላ አይደል?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ተረጋጋ። «እዚህ ምድር ላይ ሁሉም ያውቀኛል። ከሩቅ ሲያዩኝ በር ይዘጋሉ። አንዴ እንኳ ራቅ ያለ አገር ሄጄ ‹ቁርበት አንጥፉልኝ› ብል፣ ይኸው እስከ ዛሬ መተረቻ አደረጉኝ። እንግዳ ሰው ቁርበት ላይ ቢቀመጥ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ጨረቃ ላይ ግን አንድም ጅብ ሄዶ አያውቅም። የሚያውቀኝ የለም። ‹ይግቡ፣ ይግቡ› ይሉኛል። ቁርበት ያነጥፉልኛል። እኔም እቀመጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እበላለሁ።»

«ምኑን?»

«ቁርበቱን።»

አህያዋ ሞት ደጇ ቆሞ እንኳ ሳቋ መጣባት። «አያ ጅቦ! ቁርበቱን ከበሉትማ እዚያም ታወቁ ማለት ነው!»

ጅብ ክው አለ። ይህን አስቦት አያውቅም። «ታወቅሁ?» አለ። «ጨረቃ ላይም በር ሊዘጉብኝ?»

«ወዲያውኑ ነዋ! እንግዳ የሚከበረው በወጉ ነው።»

«ወጉን ማን አስተምሮኝ! ሰው ቤት ገብቼ የማውቀው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች አህያዋ። «ጌታዬ መንገደኛ ነው። በየአገሩ በየሰው ቤት ሲያድር፣ እኔ ደጅ ታስሬ በበሩ ሳይ ነው የኖርኩት። እስቲ ይቺ አምባ ጨረቃ ናት እንበል። እርስዎ አሁን የመጡ እንግዳ ነዎት። እኔ የቤቱ እመቤት።»

ጅብ ጭራውን ሰብስቦ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ሰው መሰለ።

«መጀመሪያ የምግቡ ነገር» አለች አህያዋ። «‹ይብሉ› ሲሉዎት ወዲያው አይበሉም። ‹ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ይላሉ።»

«ርቦኝ ሳለ?»

«ይልቁንም ርቦዎት ሳለ! ሁለተኛ ሲሉዎት ‹ኧረ በቃኝ› ይላሉ። ሦስተኛ ‹በሞቴ!› ሲሉዎት፣ ያን ጊዜ ከዳሩ ቆንጠር ያደርጋሉ።»

«ሦስተኛው ሳይደርስ ብሞትስ?»

«በክብር ይቀብሩዎታል።»

ጅብ አሰበበት። በክብር መቀበርም ለጅብ ትንሽ ነገር አይደለም። «ይሁን» አለ።

አህያዋ ከመሬት አንድ ደረቅ አጥንት በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ «ይብሉ፣ አያ ጅቦ» አለች። ንግግሯን ሳትጨርስ አጥንቱ ጠፋ። ሁለተኛ አጥንት ገፋችለት። «ጠግ—» ሲል አጥንቱ ጉሮሮው ውስጥ ገባ። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የሚሉዎት ለዚህ እኮ ነው» አለችው አህያዋ፣ እንደ ጥሩ መምህር ቆጣ ብላ። ጅብ አፈረ። በሦስተኛው አጥንት ዕንባውና ለሃጩ አንድ ላይ እየወረዱ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። አጥንቱም መሬት ላይ ቀረ። ሁለቱም ተገርመው አዩት።

«አሁን ደግሞ ሁለተኛው ወግ» አለች አህያዋ። ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ተጠነቀቀች። «ሰው ሲገባም ሆነ ሲወጣ ብድግ ይላሉ። ከበሩ ፈቀቅ ይሉና ‹ኖር!› ይላሉ። ያ ሰው ‹በእግዜር› ይልዎታል። ያን ጊዜ ተመልሰው ይቀመጣሉ።»

«ለማንም ሰው?»

«ለትልቅም ለትንሽም። ጨዋ ሰው የሚለየው በዚህ ነው።»

ጅብ «ኖር፣ ኖር» እያለ ለራሱ አጠናው። ከዚያ ቀና ብሎ ጨረቃን አየ። «እዚያ ላይ ያለው ጥቁር ጥቁሩ ምን ይሆን ትያለሽ?» አለ።

«እኔም ሰሞኑን እሱን ነው የማስበው። ጫካ ይሆን? ወይስ የገጣባ ጠባሳ? እሷም ጭነት ተሸክማ ታውቅ ይሆናል።»

«ወይም እንደ እኔ ዝንጉርጉር ናት» አለ ጅብ። ይህን በማሰቡ በጣም ደስ አለው። ለአፍታ ያህል በዚያ አምባ ላይ በይና ተበይ አልነበረም፤ ሁለት እንስሳት አንድ ሰማይ አንጋጠው ያያሉ።

ቀበሮ ሦስት ልጆቿን አስከትላ መጣች።

ጅብ ብድግ አለ። ከበሩ ፈቀቅ ብሎ «ኖር!» አለ።

ቀበሮ ደንግጣ ቆመች። «ምን ነካህ?» አለችና ልጆቿን እየነዳች አለፈች። ጅብ ተመልሶ በሩ ላይ ተቀመጠ። «‹በእግዜር› እንኳ አትልም» አለ በሆዱ፣ «ምን ያለችው ስድ ናት!»

«በል እንግዲህ፣ አያ ጅቦ፣ ጀምር፤ ብላ!» አለች ቀበሮ።

ጅብ አህያዋን አየ። ሆዱ አጉረመረመ። እንደገና ጨረቃን አየ። እዚያ የተነጠፈው ቁርበት ታየው፤ «ይግቡ» የሚለው ድምፅ ተሰማው። ምራቁን ዋጠና «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ቀበሮ አንድ ጊዜ ብትደግም፣ አንድ ጊዜ «በሞቴ» ብትል፣ ነገር ሁሉ አበቃ። ግን ቀበሮ በዕድሜዋ ማንንም ጋብዛ አታውቅም። ልመናውን ከየት ታምጣው? ይልቅስ ዐይኗ በራ። «ከጠገበ ጉበቱም ሥጋውም የእኛ ነው» ብላ አሰላች። «እንግዲህ ከጠገብክ ምን ይደረጋል!» አለች ፈጥና፣ ሐሳቡን እንዳይለውጥ። ከዚያ ራሷ ወደ አህያዋ ዘለለች።

ቀበሮ ብልጥ ናት፤ ብልጠት ግን እርግጫ አይመክትም። አህያዋ ሁለት የኋላ እግሮቿን አንድ ጊዜ ወረወረች። ቀበሮ ተንከባልላ ልጆቿ መካከል ወደቀች፤ እነሱም ጨዋታ መስሏቸው ዘለሉባት።

አህያዋ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ልቧ ሩጪ ሩጪ አላት፤ ግን የሮጠ እንደሚባረር ታውቃለች። ቀስ ብላ፣ በቤቷ ውስጥ እንደምትንጎራደድ እመቤት፣ አንድ እግር ከአንድ እግር እያስቀደመች ሄደች። ጅቡ በሩ ላይ ነው። ቀረበችው። ጠረኗ ገባውና አፍንጫው ተነፋ። አፉ መከፈት ጀመረ።

አህያዋ ቆም ብላ ዐይን ዐይኑን አየችው።

ጅብ አፉን ዘጋ። ብድግ አለ። ከበሩ ፈቀቅ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኖር!» አለ።

«በእግዜር፣ አያ ጅቦ። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

ጅብ ተቀመጠ። አህያዋ ጢሙን ታክካ አለፈች። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ቀስ ብላ ወረደች፤ ከታጠፈ በኋላ ያለውን አሯሯጧን ግን አምባው ራሱ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

«አንተ ጅል!» ስትል ቀበሮ ከላይ ተሰማች። «ምሳችንን ቆመህ ሸኘሃት?»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ ጅብ፣ ቅር ብሎት። «አንድ ጊዜ ብቻ ‹ብላ› ብለሽ ተውሽኝ። ሁለተኛውን ስጠብቅ ነበር። ‹በሞቴ› ትይኛለሽ ብዬ ሦስተኛውንም ልጠብቅ ነበር። ጨረቃ ላይ እንኳን እንዲህ ያለ ንፉግ የለም!»

በማግስቱ አህያዋ ጨው ተጫነች። ከሰዓት በኋላ አቀበቱን ሲያያዙት ጨረቃ ወጣች፤ ከትናንት ትንሽ ወፍራለች። ከኋላዋ የምትከተል ሌላ የጭነት አህያ ወሬውን ሰምታ ኖሮ «እና ደረስሽባት?» ብላ ጠየቀቻት።

«አልደረስኩባትም» አለች አህያዋ። «ከአምባው ጫፍም ሆኜ ሳያት ያው ሩቅ ናት። ድንጋይ ትሁን አሸዋ፣ ውሃ ይኑራት አይኑራት፣ እስከ አሁን አላወቅሁም። አንድ ነገር ግን አወቅሁ።»

«ምን?»

«ጅብንም ትናፍቀዋለች።»

ይህን ብላ፣ ጭነቱ ጀርባዋ ላይ እያለ፣ አንገቷን ቀና አደረገች። ጭነት ተሸክሞም ቀና ማለት ይቻል ኖሯል።

ከዚህ የምንማረው፣ ያላየውን አገር «አይቻለሁ» የሚል በውሸቱ ሲዋረድ፣ በማያውቁት አገር ልከበር የሚልም በደጁ ያለውን ሲያጣ፣ «አላውቅም» ብሎ የሚጠይቅ ግን መውጫ በሩን አግኝቶ ቤቱ እንደሚገባ ነው።